የመርከቡን የራት ልብስ የወሰነው ጓዝ ነው

በመዝናኛ መርከብ ላይ ማታ ማታ ጥቁር ሙሉ ልብስና ረጅም ቀሚስ ለምን ይለበስ እንደነበር ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የጨዋ ወግ ስለሆነ» የሚል ነው። ወግነቱ አይካድም፤ ነገር ግን ወጉን ደግፎ ያቆመው ጓዙ ይመስለኛል። የሐምቡርግ-አሜሪካ መርከብ ኩባንያ ሰው የነበረው አልበርት ባሊን እ.ኤ.አ. በ1891፣ በብርዱ ወራት መንገደኛ ያጣችውን መርከብ አውጉስታ ቪክቶሪያን ለሽርሽር ወደ ሜዲትራኒያን ሲልካት፣ ባለጸጋው ተሳፋሪ ሣጥኑን የሚሸከመው ራሱ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሣጥኖች «በጉዞ ላይ የሚፈለግ» ወይም «የማይፈለግ» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸው ነበር፤ የማይፈለገው ወደ መርከቡ ሆድ ይወርዳል። ዝቅ ያለው ሣጥን ከአልጋ ሥር ይገባል። ረጅሙ ደግሞ ቆሞ እንደ ቁም ሣጥን ይከፈታል፤ በአንድ ወገን መስቀያ፣ በሌላው መሳቢያ አለው። በ1912 ታይታኒክ ላይ የተሳፈረችው ሻርሎት ካርዴዛ 14 ትልልቅ ሣጥኖች ይዛ ነበር፤ በኋላም ለጠፋው ንብረቷ ከ177 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ጠይቃለች። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ግን አንድ ትንሽ ልማድ ነው፦ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ማታ ለራት መሽቀርቀር ግዴታ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሣጥኑ ገና አልተፈታም፣ በመጨረሻው ደግሞ ታስሯል።

ልብሱ የመደብ ምልክት ነበር የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን መደቡም ቢሆን በጓዝ ይለካ ነበር። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረ ስደተኛ ለማታ የሚቀይረው ልብስ ከየት ያመጣል? ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ከ1960ዎቹ ወዲህ የብስ ላይም አለባበስ ቀሏል፣ መርከቡ የተከተለው ይህንኑ ነው የሚለው። የጊዜው ጠባይ ድርሻ እንዳለው እቀበላለሁ። ሆኖም በ1958 ጄት አውሮፕላን አትላንቲክን መሻገር ከጀመረ በኋላ የመርከቦቹ ገበያ ወደ ካሪቢያን ዞረ። ሰንዋርድ የተባለችው የሽርሽር መርከብ በ1966 ከማያሚ ተነሣች፣ የመርከብ ኩባንያው ካርኒቫል በ1972 ተመሠረተ፤ ከሩቅ የሚመጣው መንገደኛም ወደቡ የሚደርሰው ሻንጣው በኪሎ ተመዝኖ፣ በአውሮፕላን ሆነ። ለሁለት የክት ማታ ብሎ ሙሉ ልብስና ጫማ መሸከም ማንን ደስ ይለዋል? በሌላ በኩል ብዙ እንግሊዛውያን በመኪናና በባቡር ደርሰው ከሳውዝሃምፕተን የሚሳፈሩባቸው የኩናርድ ኩባንያ መርከቦች የክት ልብስ የሚለበስባቸውን ምሽቶች እስካሁን አልተዉም። ዘመኑ ለሁሉም አንድ ነው፤ የተለያየው ወደ ወደቡ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ልብስ የምታሰናዱ ሰዎች፣ ከምግብ አዳራሹ ደንብ በፊት የአውሮፕላን ትኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አንብቡ።