«ቀኝ» ሲባል ወደ ግራ፦ ስለ መርከብ ትእዛዝ ቃላት

የሙያ ቃል ፍቺው ካልጠራ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። የባሕር ጉዞ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ቀደም ባለው ዘመን የመርከብ አቅጣጫ የሚለወጠው በስተኋላዋ ውኃ ውስጥ በሚገኘው መሪ ሳንቃና ከእርሱ ጋር በተያያዘው እጀታ ነበር። እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ ሳንቃው ወደ ግራ ይዞራል፤ መርከቢቱም ወደ ግራ ትታጠፋለች። በእንግሊዝ መርከቦች ትእዛዙ የሚያመለክተው እጀታውን እንጂ መርከቢቱን ስላልነበረ፣ «ቀኝ» ማለት በተግባር «ወደ ግራ» ማለት ሆነ። እጀታው በመዘውር ከተተካ በኋላም ልማዱ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ከበረዶው ተራራ ለመራቅ ወደ ግራ የታጠፈችው በ«ቀኝ» ትእዛዝ ነው። መዘውር ያዡ ልማዱን ያውቅ ስለ ነበር ትእዛዙን አላዛባም። ይሁን እንጂ በሌሎች አገሮች መርከቦች ያው ቃል ቀጥተኛ ፍቺ ነበረው፤ ስለዚህ ከአንዱ አገር መርከብ ወደ ሌላው ለሚዛወር መርከበኛ አደጋው ግልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 በለንደን የተደረገው ጉባኤ ትእዛዝ ሁሉ መርከቢቱ የምትታጠፍበትን አቅጣጫ እንዲያመለክት ወሰነ፤ ውሳኔውም በ1930ዎቹ ሥራ ላይ ዋለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ ነው። የሁለት መርከቦች መንገድ ሲቋረጥ፣ ሌላዋን በቀኟ በኩል የምታይ መርከብ መንገድ ትለቃለች፤ ሁለተኛዋ አቅጣጫዋንና ፍጥነቷን ትጠብቃለች። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ መርከበኞች ዘንድ ይህች ሁለተኛዋ «ባለመብት» ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና በ1977 የጸናው ዓለም አቀፍ ደንብ ግን የሰየማት በመብቷ ሳይሆን በተግባሯ ነው። ግጭቱ በሌላዋ ጥረት ብቻ የማይወገድ በሆነ ጊዜ እርሷም እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለባትና፣ «ባለመብት» የሚለው ስም ይህን ግዴታ ይሸፍን ነበር።

ለአማርኛችንም ትምህርቱ ይኸው ነው። ከመኪና መንገድ «ቅድሚያ ያላት» የሚለውን ብንዋስ የተጣለውን ስሕተት መልሰን ማንሣታችን ነው። «መንገድ ለቃቂ» እና «አቅጣጫ ጠባቂ» ብንል ግን ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። «ቀኝ» እና «ግራ»ም ፊቱን ወደ መርከቢቱ ግንባር ያደረገ ሰው ቀኝና ግራ መሆናቸው በፍቺያቸው ውስጥ ይጻፍ። በጨለማ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ስለ ቃሉ ፍቺ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም።