ጳጳሱን ሰጥቶ ፈረሱን የወሰደው ሻምፒዮን

በአገራችን ጥንታዊ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። የመጀመሪያው መብላት የጨዋታውን መልክ እንደሚለውጥ አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። በዛሬው ቼዝም ነገሩ እንደዚሁ መሆኑን በ1914 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሴንት ፒተርስበርግ የተደረገ አንድ ጨዋታ ያስረዳናል።

ነጩን የያዘው ጀርመናዊው ኤማኑኤል ላስከር ነበር። ዕድሜው 45 ሲሆን ከ1894 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ተጋጣሚው ኩባዊው ሆዜ ራውል ካፓብላንካ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን በውድድሩ በነጥብ ይቀድመው ነበር። ስለዚህ ላስከር ማሸነፍ ያስፈልገው ነበር። ማሸነፍ የሚሻ ሰው ንግሥቱን ጠብቆ ጦርነቱን ማፋፋም ይገባዋል ብለን እናስብ ይሆናል። ላስከር ግን በእስፓኛዊው ቄስ በሩይ ሎፔዝ ስም በሚጠራው አከፋፈት ገብቶ በአራተኛው እርምጃ ጳጳሱን ሰጥቶ ፈረስ ወሰደ፤ በሰባተኛው እርምጃ ንግሥቶቹም ከሰሌዳው ወጥተው ነበር።

ጀማሪ ይህን ሲያይ፣ ፈረሱ ይጠብቀው የነበረውን የመሐል ወታደር በነፃ ለመብላት የታሰበ ይመስለዋል። ነገር ግን ነጩ ያን ወታደር ወዲያው ቢበላ፣ የጥቁሩ ንግሥት ወጥታ ፈረሱንና የነጩን የመሐል ወታደር በአንድ ጊዜ ስለምታስፈራራ የተበላው ይመለሳል። የልውውጡ ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም ጳጳሱን የበላው የጥቁሩ ወታደር ከሌላው ጋር በአንድ ዓምድ ላይ ፊትና ኋላ ሆኖ መቅረቱ ነው። የመሐል ወታደሮች ከተለዋወጡ በኋላ በንጉሡ ወገን ነጩ 4፣ ጥቁሩ 3 ወታደሮች ይኖሯቸዋል። በሌላው ወገን ጥቁሩ 4 ለ3 ቢበልጥም፣ ሁለቱ ስለተደራረቡ ብልጫው በቀላሉ መንገድ አይከፍትለትም። ስለሆነም ሌላው ጦር ሁሉ ቢያልቅ ወታደሩን ንግሥት የማድረግ ተስፋ ያለው ነጩ ነው። ጥቁሩም ካሣ አለው፤ ሁለት ጳጳሳት አብረው ሲሠሩ ኀይላቸው ብርቱ ነውና።

ካፓብላንካ ግን ከጳጳሳቱ አንዱን በልውውጥ ስላጣ ይህ ካሣ ቀረበት። ላስከርም ከፈረሶቹ አንዱን በተቃዋሚው ሰፈር በስድስተኛው መስመር ላይ ተከለ፤ ያም ፈረስ ከ16ኛው እስከ 37ኛው እርምጃ አልተነቃነቀም። የጥቁሩ ጦር ተጨናነቀ፤ ካፓብላንካ በ42ኛው እርምጃ እጁን ሰጠ። በውድድሩ ፍጻሜ ላስከር 13½፣ ካፓብላንካ 13 ነጥብ አገኙ።

በ1966 በካፓብላንካ አገር በሃቫና አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በዚሁ ልውውጥ ፖርቲሽንና ግሊጎሪችን አሸነፈ። እኛ ተማሪዎች ስንጫወት ብዙ ጊዜ የተበላውን እየቆጠርን እንደሰታለን ወይም እናዝናለን። ከዚህ ታሪክ የተማርነው ግን ከልውውጡ በኋላ በሰሌዳው ላይ የቀረውን መቁጠር እንደሚገባን ነው።