ጉልት የነበረው ገዳም፣ ድንኳን የነበረው መስጊድ፦ የቡድሂዝም በአገሩ መጥፋት ከአውሳ ሲታይ

በ1553 (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። መጽሐፉ የሚተርከው አባቱ ሕመምንና ሞትን እንዳያይ ብሎ በቤተ መንግሥት የዘጋበትን ልዑል ነው። ልዑሉ ግን በሽተኛም ሽማግሌም ያያል፤ ልቡ ይነካል፤ ዙፋኑንም ትቶ ይመንናል። «ይዋስፍ» የሚለው ስም ከሳንስክሪቱ «ቦዲሳትቫ» ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ አንደበት እየተለወጠ የመጣ ነው። የእኛ አባቶች የቡድሃን ገድል የክርስቲያን ቅዱስ ገድል አድርገው ማንበባቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ታሪኩ ይህን ያህል ርቆ ሲደርስ፣ ባለቤቱ ሃይማኖት ከተወለደበት ከጋንጅስ ሜዳ ከጠፋ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ሃይማኖት በሩቅ አገር እየሰፋ በትውልድ ቤቱ የሚጠፋው ለምንድን ነው? መልሱን ለመፈለግ የአዋሽ ሸለቆ ጥሩ መመልከቻ ይመስለኛል። ገላውዴዎስ በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ሐረርም ብትሆን ድሏን ሳታጣጥም በረኃብና በኦሮሞ ጦር ተጨነቀች። በ1577 ኢማም መሐመድ ጋሳ የሥልጣን መንበሩን ከሐረር አንሥቶ ወደ አውሳ ወሰደው። ዛሬ ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው ወደዚያው አገር እየቀረበ ነው፤ አውሳ በአሳይታ ዙሪያ፣ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች የሚያልቅበት ለም ሜዳ ነው። ኢማሙ ራሱ በ1583 በጦርነት ሞተ። በ1647 ሐረር ተገንጥላ የራሷን አሚር አነገሠች። የኢማሞቹም መንግሥት በአፋር ጎሳዎች እጅ ወደቀ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሙዳይቶ የሚባለው የአፋር ገዥ ቤት አውሳን ያዘ። መንበሩ ጠፋ፤ እስልምና ግን አልጠፋም።

ወደ ህንድ እንመለስ። የቡድሂዝም አነሣስ ብዙ የተነገረለት ስለሆነ አላረዝመውም። ሲድሃርታ ጋውታማ (ቡድሃ) በሉምቢኒ ተወልዶ በቦድ ጋያ እውነቱ ተገለጠለት፤ በሳርናት ሰበከ። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት ክርስቶስ ንጉሥ አሾካ፣ 100,000 ሰው ያለቀበት መሆኑን ራሱ በድንጋይ ላይ ካስቀረጸው ከካሊንጋ ጦርነት በኋላ ተጸጽቶ ትምህርቱን አስፋፋ። ከዚያ በኋላ በነጋዴ መንገድ ላይ ተጓዘ፤ በኩሻን ነገሥታት ጊዜ ወደ መካከለኛው እስያና ወደ ቻይና አለፈ። የእነዚያው ነገሥታት ከ100 የሚበልጡ የወርቅ ሳንቲሞች በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ተገኝተዋል፤ የመንገዱ አንድ ጫፍ እኛም ዘንድ ነበረ ማለት ነው።

ክርክሩ የሚጀምረው ከውድቀቱ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን በ1200 ገደማ በጋንጅስ ሜዳ ያለውን ቢሃርን በወረረው በሙስሊሙ የጦር አለቃ በባክቲያር ኺልጂ ሠራዊት ላይ ይጥላል። ወረራው እውነት ነው፤ የገዳማቱም መቃጠል እውነት ነው። ነገር ግን ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ከዚያ ከ500 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን ምዕራቡ በጋንዳራ ሲያልፍ ብዙ ገዳማት ፈራርሰውና ሰው አልባ ሆነው አግኝቷል። በአንጻሩ የቢሃሩ የናላንዳ ገዳም በዚያን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሩት። የሹዋንዛንግ የሕይወት ታሪክ የአገሩ ንጉሥ የ100 መንደሮችን ገቢ ለገዳሙ እንደሰጠ ይናገራል። በእኛ አነጋገር ይህ ጉልት ነው፤ ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ቀድሞ መነኩሴው በየማለዳው ሳህኑን ይዞ በየደጁ ይቆም ነበር፤ ሴቲቱ ሩዝ ትሰጠዋለች፣ እሱ ቃል ይሰጣታል። መንደሩ ለገዳሙ ግብር ገባሪ ከሆነ ወዲህ ግን መነኩሴውን ወደ ደጇ የሚያመጣው ጉዳይ ቀረ። ልጅ ሲወለድ፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ሬሳ ሲነሣ የሚጠራው የሂንዱዎቹ የብራህማን ካህን ነበር። ብራህማኖቹም ቡድሃን ከቪሽኑ ትስጉቶች አንዱ ብለው ሲቀበሉት፣ ተራው ምእመን ሃይማኖቱን የለወጠበትን ቀን ሳያውቅ ሂንዱ ሆነ። በ1235 ናላንዳ የደረሰው የቲቤቱ ዳርማስዋሚን ያገኘው አንድ የ90 ዓመት ሽማግሌ መምህርና 70 ያህል ተማሪዎችን ብቻ ነው።

ለዚህ አባባሌ ትልቁ ማስረጃ የኔፓሉ የካትማንዱ ሸለቆ ነው። እዚያ ከኔዋር ሕዝብ መካከል ሻክያና ቫጅራቻርያ የሚባሉት የመነኮሳት ዘሮች አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ገዳሙን እንደ ርስት ይዘው በጥንቱ ግቢ ይኖራሉ፤ የምእመናኑንም የቤት ሥርዓት ያካሂዳሉ። ለሕጉ ቀናዒ ለሆነ መነኩሴ ይህ ውድቀት ነው። ሆኖም የሳንስክሪቱ ቡድሂዝም በአኗኗር ጭምር እስከ ዛሬ የዘለቀው በእነሱ ቤት ነው።

አውሳም ሲታይ ነገሩ ይቀራረባል። የኢማሞቹ ከተማ ሲወድቅ በየጎሳው የሚዞሩት ሼኾች አልወደቁም። በግመል ተጭኖ በሚጓዝ የሰሌን ቤት ውስጥ ሕፃኑ ስም ይወጣለታል፣ ኒካሁ ይታሰራል፣ ሟቹ ይገነዛል፤ መስገጃውም በድንጋይ የተከበበ መሬት ሊሆን ይችላል። የትምህርቱ መንገድም የእረኛው መንገድ ነው፤ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ተቀምጠው ዳጉ የሚሉትን ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም፣ የሼኹም ቃል ከዝናብና ከግጦሽ ወሬ ጋር አብሮ ይሄዳል። መቃጠል የሚችል ናላንዳ አልነበራቸውም።

ንጽጽሩ ግን ልክ አለው። አውሳን የያዙት አፋሮች ራሳቸው ሙስሊሞች ስለነበሩ፣ የኢማሞቹ ውድቀት የሥልጣን እንጂ የእምነት ሽግግር አልነበረም፤ ቢሃርን የያዘው ጦር ግን የሌላ እምነት ነበር። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ሃይማኖት መስፋፋት ስንጽፍ ዓይናችን ዘወትር መንበሩን፣ ዜና መዋዕሉን፣ ጦርነቱን ይከተላል። ከአሳይታ ዙሪያ የኢማሞቹን ፍርስራሽ የሚፈልግ ተማሪ፣ የሕፃኑን ስም ማን እንዳወጣ የሚያስታውሱትን አሮጊት እናት ቢጠይቅ የበለጠ የሚያገኝ ይመስለኛል።

በህንድ ግን ቡድሂዝም ተመልሷል፤ ኦክቶበር 14 ቀን 1956 የህንዱ መሪ ዶክተር አምበድካር በናግፑር ከተማ፣ በዝቅተኛ መደብ ተወልደው «የማይነኩ» ከተባሉ በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር ቡድሂዝምን ተቀበለ። በ2011 ቆጠራ በህንድ 8.4 ሚሊዮን ያህል ቡድሂስቶች ተመዝግበዋል፤ ከአራቱ ሦስት እጅ በላይ የሚኖሩት ናግፑር ባለችበት በማሃራሽትራ ነው። አምበድካር ለተከታዮቹ 22 ቃል ኪዳኖች አዘጋጅቶ ነበር። ስምንተኛው በቤታቸው ምንም ዓይነት ሥርዓት በብራህማን እጅ እንዳይፈጸም የሚያስምል ነው።