የነዋሪዎች የሰፈር ጥበቃ

የነዋሪዎች የሰፈር ጥበቃ በአንድ መንደር ወይም ብሎክ የሚኖሩ ሰዎች ስርቆትን፣ ዝርፊያንና መሰል የጸጥታ ስጋቶችን ለመከላከል በፈቃዳቸው ተደራጅተው፣ ከፖሊስ ጋር እየተናበቡ የሚያከናውኑት የክትትልና የጥቆማ ሥራ ነው። ተሳታፊው እንደ ፖሊስ ሥልጣን፣ እንደ ቅጥር ዘበኛ ደመወዝ የለውም፤ የማን በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ጎረቤት ቤቱን ቆልፎ አገር ቤት እንደሄደ፣ የትኛው መኪና ለሰፈሩ እንግዳ እንደሆነ ማወቁ ግን ለጥበቃው ዋነኛ አቅም ነው።

አሠራሩ በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው ከአሜሪካ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1964 ኪቲ ጄኖቪዝ የተባለች ወጣት በኒው ዮርክ ከተማ በመኖሪያዋ አቅራቢያ ስትገደል 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ተብሎ በኒው ዮርክ ታይምስ መጻፉ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ጋዜጣው ራሱ ከዓመታት በኋላ ዘገባው የተዛባ እንደነበር ቢያምንም፣ ጎረቤት ለጎረቤት መድረስ አለበት የሚለው ሐሳብ ሥር ሰደደና እ.ኤ.አ. በ1972 የአገሪቱ የሸሪፎች ማኅበር ብሔራዊ የሰፈር ጥበቃ ፕሮግራም አቋቋመ። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1982 በቼሻየር ግዛት በሞሊንግተን መንደር የመጀመሪያው ቡድን ተመሠረተ።

በኢትዮጵያ ጥፋተኛን በጋራ የመፈለግ ልማድ ከዚህ በእጅጉ ይቀድማል፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ሰው ሥራውን ፈትቶ በአንድ ቦታ ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይመክር ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ካደራጀ በኋላ ግን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ለፖለቲካ አሰሳና እስር በመሰማራታቸው፣ ሰፈርን በመጠበቅና ጎረቤትን በመሰለል መካከል ያለው ወሰን ጠፋ። ይህ ትዝታ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ስላልደበዘዘ፣ ዛሬ በጎ ፈቃደኛ የሚመዘግብ ማንኛውም ኮሚቴ ምዝገባው ያለ ጫና መሆኑንና ጥበቃው የሰውን አመለካከት ወይም ብሔር ሳይሆን ድርጊትን የሚመለከት መሆኑን በግልጽ ማስረዳት ይኖርበታል።

ከተሳትፎ መንገዶች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በከተሞች ሮንድ የሚባለው የሌሊት ቅኝት ነው። ተረኞቹ ቢያንስ ሁለት ሆነው፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ስልክ ይዘው በተወሰነላቸው መንገድ ይዘዋወራሉ፤ በሩ ገርበብ ያለ ግቢ ሲያዩ ባለቤቱን ይቀሰቅሳሉ፣ የጠፋ አምፖል ሲያገኙ ለኮሚቴው ይነግራሉ። ተራው እስከ ንጋት ቢዘልቅ ይመረጣል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ለኪዳን ወይም ለሱብሂ ሶላት የሚወጡ አረጋውያንና ወደ ሥራ የሚማልዱ ሴቶች በጨለማ ብቻቸውን የሚሄዱበት ሰዓት ነውና።

ቅኝት መውጣት የማይችል ሰውም የሚሠራው አያጣም። ቀን ቤት የሚውሉ አዛውንት መንገዱን ሊከታተሉ፣ ባለሱቅ የሚጠራጠረውን እንቅስቃሴ ሊጠቁም፣ ባለግቢ የውጭ መብራቱን ሌሊቱን አብርቶ ሊያሳድር፣ ጽሕፈት የሚችል የተረኞችን መዝገብ ሊይዝ ይችላል። የስልክ ቡድን መልእክቶችን የሚመራው ሰው ኃላፊነት ከሁሉም የከበደ ነው፤ ያልተጣራ ወሬና የተጠርጣሪ ፎቶ ከተሰራጨ ንጹሕ ሰው ለጥቃት ይጋለጣል። ለመሳተፍ የሚፈልግ ነዋሪ በወረዳው ወይም በቀጠናው ለተመደበው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባል ያመለክታል፤ ድንገተኛ አደጋ ሲገጥም ደግሞ በአዲስ አበባ ወደ 991 ይደወላል።

የተሳታፊው መብት በሕግ የተገደበ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50 ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ፣ ማለትም ድርጊቱን ሲፈጽም ወይም ወዲያው እንደፈጸመ የተገኘን ሰው፣ ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ያለ መያዣ ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። የተያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ይሰጣል፤ መደብደብ፣ ቤት መበርበርም ሆነ በጥርጣሬ ብቻ አግቶ ማቆየት ራሱ ወንጀል ነው። በፍሎሪዳ ግዛት በሳንፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 የሰፈር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ የነበረው ጆርጅ ዚመርማን የ17 ዓመቱን ትሬይቮን ማርቲንን በጥይት ገድሏል። ማርቲን መሣሪያ አልያዘም ነበር፤ ዚመርማን በፍርድ ቤት ነፃ ቢባልም፣ በጥርጣሬ ሰውን መከታተልና ጦር መሣሪያ መታጠቅ በጥበቃ ሥራ ውስጥ የሚያስከትሉት ጉዳት ለረጅም ጊዜ አነጋግሯል።

ውጤቱን በተመለከተ ቤኔት፣ ሆሎዌይና ፋሪንግተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት የጥናቶች ግምገማ የሰፈር ጥበቃ ወንጀልን ከ16 እስከ 26 በመቶ ከመቀነስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል፤ ሆኖም ሁሉም ሰፈር እኩል አልተጠቀመም። ቡድን ማቋቋም የሚቀለው ነዋሪው ተረጋግቶ በሚኖርበት አካባቢ ሲሆን፣ ተከራይ በሚበዛበትና ሰው በማይተዋወቅበት፣ ብዙ ጊዜም ጥበቃው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰፈር ይከብዳል። በኢትዮጵያ ከተሞች ለዚህ ክፍተት የሚቀርበው ተቋም እድር ነው፤ የአባላት መዝገብ፣ ቋሚ የስብሰባ ቀንና የተመረጡ ዳኞች ስላሉት፣ ተከራዮችንም በአባልነት እስከተቀበለ ድረስ፣ የጥበቃ ተራ ለማውጣት አዲስ ኮሚቴ ከባዶ ማዋቀር አያስፈልግም።