ከረግረግ እስከ ፋብሪካ፦ የሐዴራ ሠራተኞች ደኅንነት ታሪክ

በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል በሜዲትራኒያን ጠረፍ የምትገኘው ሐዴራ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሩሲያ ግዛት በመጡ የአይሁድ ሰፋሪዎች ስትቆረቆር፣ ሠራተኛውን የሚጥለው አደጋ የሚመነጨው ከመሣሪያ ሳይሆን ከረግረግ ነበር። ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ የሚያሳየውን ማስረጃ ሮናልድ ሮስ ያገኘው በ1897 በመሆኑ፣ ቀደምቶቹ ሰፋሪዎች የሚፈሩት የረግረጉን መጥፎ አየር ነበር፤ አንዱ ሌላውን ቢያስጠነቅቅም ማስጠንቀቂያው ዒላማውን የሳተ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥርት ዓመታት ከ540 ያህል ነዋሪዎች ከ200 በላይ የሚሆኑት በበሽታው እንዳለቁ ይነገራል። በባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ገንዘብ ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች የማፍሰሻ ቦይ ቆፈሩ፤ ውኃውን እንዲመጥ ባሕር ዛፍም ተተከለ።

በ1910 ከገሊላ ባሕር አጠገብ ደጋንያ የተባለውን የመጀመሪያውን ኪቡጽ፣ ማለትም ንብረቱ የጋራ የሆነ የእርሻ መንደር፣ የመሠረቱት አሥር ወንዶችና ሁለት ሴቶች ቀደም ሲል በሐዴራ ይሠሩ ስለነበር «የሐዴራ ኮሙና» ተብለው ይታወቁ ነበር። ገቢያቸውን በአንድ ቋት ያደርጉ ስለነበር፣ ትኩሳት የያዘው ሰው የዕለት እንጀራው እንዳይቋረጥ ብሎ በግድ ወደ ማሳ የሚወጣበት ምክንያት አልነበረውም።

በሐዴራ የወረቀት ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም አደጋው ሌላ መልክ ያዘ። በሚሽከረከሩ ሁለት ጥቅሎች መካከል የገባ እጅ በቅጽበት ይሳባል፤ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ የባልደረባ ድምፅ ስለማይሰማም በእንዲህ ያለ ሥራ የእጅ ምልክት ከንግግር ይበልጣል። ጥገና በሚደረግበት ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ በኃይል ማቋረጫው ላይ የራሱን ቁልፍ አንጠልጥሎ መክፈቻውን በኪሱ ይዞ መግባቱ፣ «እኔ ውስጥ ነኝ» የሚለውን መልእክት ያለ ቋንቋ ያደርሳል። በ1954 የወጣው የእስራኤል የሥራ ቁጥጥር ሕግ በበኩሉ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት የደኅንነት ኮሚቴ፣ ማለትም የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች በእኩል ቁጥር የሚቀመጡበት ሸንጎ፣ እንዲያቋቁም አዘዘ።

በ1984-85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ወደ አገሪቱ ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በሐዴራ ሰፈሩ። ከጎንደር ገጠር የመጣው ገበሬ የሚያውቀው የሥራ ባልደረባ በደቦና በወንፈል አብሮት የሚያርስ ጎረቤቱ ነው፤ ፋብሪካ ገብቶ ግን ከማያውቀው ሰው ጎን በማያውቀው ቋንቋ ሲታዘዝ፣ ታላቅን ማቋረጥን እንደ ነውር ያስቆጠረው አስተዳደጉ መልሶ እንዳይጠይቅ ያስረዋል። ፎርማኑም የአንገት ንቅናቄውን የመረዳት ምልክት አድርጎ ያልፈዋል፤ ጉዳቱ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። በ1999 የወጣው ደንብ አሠሪው የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳና ሠራተኛው መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ቢያስገድድም፣ ማረጋገጫው በፊርማ ብቻ ከተወሰነ ደንቡ የሚጠብቀው ሰውን ሳይሆን መዝገብን ነው። ዕብራይስጥን በትምህርት ቤት ወይም በሠራዊቱ ውስጥ የለመደ ወጣት በዕረፍት ሰዓት ቀርቦ፣ «አባቴ፣ ይህን አዝራር ሳያጠፉ እጅዎን እንዳያስገቡ» ብሎ በአማርኛ ሲያስረዳ የሚሠራው ሥራ የደንቡ ፍሬ ነገር ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ መደቡ ውስጥ አይጠቀስም፤ በደመወዙም አይታሰብም።