ከሲራራ ነጋዴ እስከ ከቀረጥ ነፃ ማሽን

ትራንዚተር ነኝ፤ መኖሪያዬ ዱከም፣ ውሎዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ለፋብሪካ የሚገባ ማሽን የማበረታቻ ፈቃድ ካለው ዲክላራሲዮኑ ላይ ከቀረጥ ነፃ ብዬ እሞላለሁ። ያ ማሽን የሚተካው ሠራተኛ ግን ደመወዙ ከግብር ነፃ ከሆነው ወለል ካለፈ ገና እጁ ሳይገባ ግብር ይቆረጥበታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የባሕር ዕቃ በግመልና በአጋሰስ ወደ ሸዋ ሲወጣ ሲራራ ነጋዴው ኬላ በደረሰ ቁጥር ቀረጥ ይከፍል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ደግሞ ዱከምን አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ በቀናት አለቀ። ግመል ያከራዩ የነበሩት ኢሳዎችና አፋሮች ባቡሩን በክፉ ዓይን ማየታቸው አይገርምም። የባቡር ኩባንያው ሐዲዱ እንዳይነካበት ለኢሳ ባላባቶች ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እኔ ይህን ካሳ አልለውም፤ የጥበቃ ዋጋ ነው። ሐዲድ መንቀል የሚችል ተከፈለው፤ ከዚህ ከደጋው አጋሰሱን ይዞ የቀረውን ጫኝ ማን አስታወሰው?

ከዚያም የጭነት መኪናው አሮጌውን ባቡር አዳከመው፤ በ2009 ደግሞ የኤሌክትሪኩ ባቡር ተመረቀ።

ዛሬ ማሽን ለሚተካው ሠራተኛ ቢያንስ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምርታማነትን ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ለሠራተኛ ቅነሳ በቂ ምክንያት ያደርገዋል። ለተቀነሰው ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በላዩ የ60 ቀን ይከፈለዋል። ሦስት ዓመት ለሠራች ልጅ ሲደመር የ110 ቀን ደመወዝ ነው። የቤት ኪራይና አስቤዛ ሲቀነስ ሌላ ሙያ መማሪያ አይተርፋትም።

በማሽን ላይ አዲስ ግብር ይጣል አልልም፤ ባለሀብት ይሸሻል የሚለው ስጋትም ከንቱ አይደለም። ደቡብ ኮሪያም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 የተነሳችው ለአውቶሜሽን የምትሰጠውን የግብር ቅናሽ ለመቀነስ ነበር። ለዚህ አገር የሚበጀው ይኸው ነው። የማበረታቻ ደንብ የምታረቅቁ ወገኖች፣ ሠራተኛ ለሚቀንስ ማሽን ከተተወው ቀረጥ ጥቂቱን መልሳችሁ ሰብስቡ፤ ገንዘቡንም ከሥራ ለሚሰናበቱት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አውሉት።