ሌዘር በፕላዝማ ናይትሮጅን ማዋሃድ ጥናት

በፕላዝማ ናይትሮጅን ማዋሃድ ማለት በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን በኤሌክትሪክ ኃይል ሰንጥቆ ከኦክስጅን ወይም ከሃይድሮጅን ጋር በማጣመር ለማዳበሪያ የሚሆን ውህድ የመሥራት ዘዴ ነው። ሂደቱ እጅግ ፈጣንና በሚያበራ ጋዝ ውስጥ የሚካሄድ ስለሆነ ውስጡን ለመለካት ከሚያገለግሉት ዋና መሣሪያዎች አንዱ የሌዘር ብርሃን ነው።

ፕላዝማ ኤሌክትሮኖች በከፊል ወይም በሙሉ ከአቶሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ነው። መብረቅም ፕላዝማ ነው፤ ባለፈበት አየር ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይፈጠራል፣ ይህም ኋላ ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከዝናብ ጋር መሬት ይደርሳል።

መነሻ

ከአየር ውስጥ 78 ከመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ዕፅዋት እንዳለ ሊጠቀሙበት አይችሉም። የሞለኪውሉ ሁለት አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር የተያዙ ናቸው፤ ለማላቀቅ በሞል 945 ኪሎጁል ያህል ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1903 ኖርዌያውያኑ ክርስቲያን ቢርክላንድ እና ሳም አይደ አንድ መፍትሔ አገኙ። በብየዳ ላይ እንደሚታየው ያለውን የኤሌክትሪክ አርክ በማግኔት ኃይል እንደ ሰፌድ ዘርግተው አየር አሳለፉበት። በ1905 በኖቶደን ከተማ በውኃ ኃይል የሚሠራ ፋብሪካ ካልሲየም ናይትሬት ማምረት ጀመረ። ይሁንና ከሚወጣው ጋዝ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሆነው ከ1 እስከ 2 ከመቶ ብቻ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከባድ ነበር። በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ የጀመረው የሃበር-ቦሽ ዘዴ ከገበያ አስወጣው። ዛሬ ገበሬው በኩንታል የሚገዛው ዩሪያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ከሚመረት አሞኒያ ነው። የአሞኒያው ሃይድሮጅን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከድንጋይ ከሰል ስለሚወጣ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል።

ፕላዝማ እንደገና ትኩረት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ አየርና ኤሌክትሪክ ይበቁታል፣ ከፀሐይና ከነፋስ ኃይል ጋርም እየበራና እየጠፋ ሊሠራ ይችላል። በስሌት ደረጃ በአንድ ሞል ናይትሮጅን አቶም 0.2 ሜጋጁል ገደማ ሊበቃ ይችላል፤ የሃበር-ቦሽ ፍጆታ 0.5 ያህል ነው። በተግባር የሚታየው የፕላዝማ ፍጆታ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኃይሉ የት ይባክናል የሚለው ጥያቄ ነው ሌዘርን የሚጠራው።

መለኪያው ምን መመለስ አለበት

ናይትሪክ ኦክሳይድ በዋናነት የሚፈጠረው በሶቪየቱ ሳይንቲስት ያኮቭ ዜልዶቪች ስም በሚጠራው ሰንሰለት ነው። በመጀመሪያ የኦክስጅን አቶም የናይትሮጅንን ሞለኪውል ይመታና ናይትሪክ ኦክሳይድና ነጻ የናይትሮጅን አቶም ይፈጥራል፤ ይህ አቶም ደግሞ ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ሁለተኛ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ከባዱ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ በሞል 320 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል። የናይትሮጅን ሞለኪውል አስቀድሞ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ግን ንዝረቱ ከዚህ ኃይል ከፊሉን ይሸፍናል። እያንዳንዱ የንዝረት ደረጃ 28 ኪሎጁል ያህል ይይዛል። ስለዚህ ጋዙን ሳያግሉ ንዝረቱን ብቻ ማሳደግ ቢቻል ኃይል ይቆጠባል።

ሰንሰለቱ ወደ ኋላም ይሄዳል። የተሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ በዝግታ ከቀዘቀዘ መልሶ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይሆናል። መውጫው ላይ የተተከለ የጋዝ መለኪያ የሚያሳየው የተረፈውን ብቻ እንጂ የተሠራውንና የጠፋውን አይደለም። ቴርሞሜትር ወይም ቱቦ ወደ ውስጥ ማስገባትም አያዋጣም፤ ፕላዝማውን ይረብሸዋል፣ በአርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ራሱ ይቀልጣል።

ዘዴዎቹ

በሌዘር የሚነሣሣ ፍሎረሰንስ ናይትሪክ ኦክሳይድን ለይቶ ያሳያል። 226 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመታው ሞለኪውሉ ብርሃኑን ውጦ በሌላ የሞገድ ርዝመት ይመልሳል፤ ይህንንም ካሜራ ይቀርጸዋል። የኦክስጅን አቶም ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን በአንድ ጊዜ የሚውጠው በ225.6 ናኖሜትር ስለሆነ፣ በአጋጣሚ አንዱን ሌዘር ጥቂት በማስተካከል ሁለቱንም መለካት ይቻላል። ለናይትሮጅን አቶም 206.7 ናኖሜትር ያስፈልጋል። ችግሩ የተነሣሣው አቶም ብርሃኑን ሳይሰጥ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ተጋጭቶ ኃይሉን ሊያጣ መቻሉ ነው። ስለዚህ የብርሃኑ መክሰሚያ ጊዜ መለካት አለበት፤ የአቶሞቹ ብዛትም መጠናቸው ከሚታወቅ የክሪፕተን ወይም የዜኖን ጋዝ ጋር ይነጻጸራል።

ናይትሮጅን ራሱ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለማይውጥ ንዝረቱ የሚታየው በራማን ብተና ነው። 532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ሌዘር ሲያልፍ እጅግ ጥቂቱ ብርሃን ከናይትሮጅን ተበትኖ ወደ 607፣ ከኦክስጅን ደግሞ ወደ 580 ናኖሜትር ይዞራል። በከፍተኛ ንዝረት ላይ ያሉት ሞለኪውሎች ቦታቸው ትንሽ ስለሚለይ የጋዙ ሙቀትና ንዝረቱ ለየብቻ ይነበባሉ። ምልክቱ ደካማ በመሆኑ የካሜራው መዝጊያ ለናኖሰከንዶች ብቻ ይከፈታል፤ አለዚያ የፕላዝማው የራሱ ብርሃን ይውጠዋል። ካርስ የሚባለው ዘዴ ብዙ ጨረሮችን አንድ ነጥብ ላይ በማገናኘት የተሻለ ጠንካራ ምልክት ይሰጣል።

ኤሌክትሮኖች በቶምሰን ብተና ይለካሉ። በኢንፍራሬድ ሌዘር ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ በ5.3፣ አሞኒያ በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ይለካል፤ ውጤቱ ግን ጨረሩ ያለፈበት መንገድ ሁሉ ድምር ነው።

የታየው

በናኖሰከንድ ምት በሚነሣ ፕላዝማ ውስጥ ናይትሮጅኑ በኃይል ሲንቀጠቀጥ ጋዙ ገና አይግልም። በከባቢ አየር ግፊት በሚሠሩ የማይክሮዌቭና የአርክ ፕላዝማዎች እምብርት ግን ሙቀቱ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል፤ ግጭቱ ስለሚበዛም ንዝረቱና ሙቀቱ ቶሎ ይቀራረባሉ። በእነዚህ ውስጥ ጋዙ ከእምብርቱ ወጥቶ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚቀዘቅዝ ወሳኝ ስለሆነ፣ የሌዘር ጨረሩ ከእምብርቱ አልፎ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍልም ይዘረጋል።